ቀን የማይቆረጥላት ሙሽራ

ቢቸና ውስጥ እህል የሚሸጥ ሁሉ ይርጋነሽን ያውቃታል። ጤፍ ሲመጣላት የጆንያውን አፍ አይታ አትገዛም፤ እጇን እስከ ክርኗ ትሰድና ከሥር ዘግና ታወጣለች። ከላይ ማኛ፣ ከታች ሰርገኛ አድርጎ የመጣ ሰው ክንዷ ወደ ጆንያው መውረድ ሲጀምር ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ባሏ ቄስ ፋንታ ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጇን ምናለን በዚሁ እጇ አሳድጋ፣ ደብረ ወርቅ ልካ አስተምራ፣ ለድቁና አብቅታዋለች። የቀራት ቅስናው ነበር። ቅስና ደግሞ በትዳር በኩል ያልፋል፤ ዲያቆን ቄስ የሚሆነው ድንግል አግብቶ፣ በተክሊል ተዳሮ፣ ከሚስቱ ጋር ቆርቦ ነው። በሚስቲቱ ላይ ነውር ከተገኘ የእሱም መንገድ እዚያው ይዘጋል። ይርጋነሽ ይህንን አስባ ነው የሙሽራዋን ቤት እንደ ጆንያ እስከ ሥሩ የመረመረችው። የአቶ ኃይለ ጊዮርጊስን ልጅ ውበቴን ስታጭ እንከን አላገኘችም። እንቅልፍ ታበዛለች የሚሉ ነበሩ፤ እሱን ትዳር ያነቃዋል ብላ አለፈችው።

በ2006 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ደወሉ ተደውሏል፣ ካህናቱ ገብተዋል፣ ምናለ ካባ ደርቦ ውስጥ ይጠብቃል። ውበቴ ከእናቷ ከፈንታነሽና ከሚዜዎቿ ጋር መጥታ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፤ ቅዳሴው ተጀምሯል» አለች ይርጋነሽ።

ውበቴ ጠጋ አለቻት። «እማማ፣ መግባት አልችልም። የወር አበባዬ አሁን መንገድ ላይ መጣ።»

ፈንታነሽ የልጇን ክንድ ያዝ አደረገች። «ዝም በይ አንቺ። ነጠላሽን ሰብሰብ አድርጊና ግቢ። ማን አየሽ?»

«ማንም አላየኝም።»

«እንግዲያ ምን ሁኚ ብሎሽ ነው?»

«ምናለ ነገ ከነገ ወዲያ ቄስ ሊሆን ነው፣ እማዬ። የእሱን ክህነት በውሸት አላስጀምረውም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አላለቀሰችም። ሴቶች በዚያ ጊዜያቸው ከሚቆሙበት ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ሄዳ ፊቷን ወደ መቅደሱ አዞረችና የሙሽራ ቀሚሷን እንደለበሰች ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ቆመች። የመጣው ሰው የመጣ ነውና ድግሱ ያለ ሙሽራ ተበላ።

ይህ የፈረሰ ሁለተኛው ቀን ነበር። ኅዳር ላይ፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት የተቆረጠው ቀን በዚሁ ምክንያት ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰርዟል። ያኔ ማንም አልተናገረም፤ እንዲህ ያለው በማንም ሴት ይደርሳል። አሁን ግን ከተማው ማሰብ ጀመረ። የይርጋነሽ ባል ወንድም አለቃ ገብረ ሕይወት የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ በማግስቱ መጥተው መደብ ላይ ተቀመጡና ያሰቡትን ዘረዘሩላት።

«ይርጋነሽ፣ እኔ ሐሜት አልወድም። ግን ሴቶቹ የሚሉትን ስሚኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ይቺ ልጅ አንድም እሑድ ከወይራው ሥር አልታየችም። ሁልጊዜ ውስጥ ናት። ሁለት ወር ሙሉ። ከዚያ በሠርጓ ቀን ደም እንደ ጎርፍ ወረደባት፤ እናቷ ዛሬ አንሶላ ስታጥብ ውላለች ይላሉ። ሁለት ወር ጠፍቶ በሦስተኛው የመጣ ደም ምን ይባላል?»

ይርጋነሽ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ራሷም በሌሊት አስባው ነበር፤ ሐሳቡ ደግሞ ስሕተት የሌለበት ይመስላል።

«ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ልከን ቃላችንን እንመልስ» አሉ አለቃ። «ልጁ ሌላ ያገባል። ጳጳሱ ፊት ይዘነው ስንቀርብ እንዲህ ያለ ወሬ ይዘን መቅረብ አንችልም።»

«ጾሙ እስኪገባ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አለች ይርጋነሽ።

«ለምኑ?»

«ለማየት።»

ቢቸና ጤና ጣቢያ ወስዳ ብታስመረምራት ውጤቱ ከልጅቱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ሞጣን መረጠች፤ እዚያ ሆስፒታል አለ፣ የሚያውቃቸው የለም። ለፈንታነሽ «ልጅሽን አውሺኝ» አለቻት። ፈንታነሽ ዓይኗ ደም እስኪመስል አልቅሳ ስለነበር አልተከራከረችም። ውበቴም «እሺ እማማ» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀችም።

ሚኒባሱ ከቢቸና ሳይወጣ ውበቴ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኛች። ይርጋነሽ ከጎኗ ተቀምጣ አየቻት። ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ሰው ሁሉ ነጠላውን ሲያወልቅ፣ ልጅቱ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራለች። የእጇ ጀርባ በበጋ እንደተሰነጠቀ መሬት ደርቋል። ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ደብረ ወርቅ ላይ የሚወርድ ሽማግሌ ዞር ብሎ አያት።

«እመቤት፣ ልጅሽ ለሁለት ሰው ትተኛለች፤ የተሳፈረችው ግን በአንድ ሰው ሒሳብ ነው።»

«አንተም ለሦስት ሰው ታወራለህ፤ ረዳቱ ዝም ብሎሃል» አለች ይርጋነሽ። ሚኒባሱ ሳቀ። ሰውየው ደብረ ወርቅ እስኪወርድ ድረስ አንገቱን አላዞረም።

ሞጣ ደርሰው ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ በእግር ሲሄዱ መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው። ከይርጋነሽ ዕድሜ እኩሌታ እንኳ የሌላት ልጅ መሐል ላይ ቆመችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ይቅርታ እማማ። ትንሽ ልረፍ።»

ይርጋነሽም አጠገቧ ተቀመጠች። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ከቤቷ ጀምራ ይዛው የመጣችውን ጥያቄ አሁን አወጣችው።

«ውበቴ፣ እንደ እናት ነው የምጠይቅሽ። ወንድ አውቀሻል?»

ልጅቱ አልተቆጣችም። ጥያቄውን ስትጠብቀው እንደነበረ ሰው ቀስ ብላ ዞረች።

«ወንድ አላውቅም፣ እማማ። ደግሞ የምዋሽ ብሆን እሑድ ነበር የምዋሸው። ያኔ ዝም ብዬ ብገባ ኖሮ ዛሬ ሚስት ነበርኩ፣ እርስዎም አይጠይቁኝም ነበር።»

ይርጋነሽ ይህንን ነገር በልቧ አገላበጠችው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ወር ሁሉ ሲቆጥሩ፣ አለቃም እሷም ሴቶቹም ይህቺን አንዲት ነገር አልቆጠሯትም። የሚደብቅ ሰው ሁሉም ተዘጋጅቶለት፣ እናቱ እንኳ ግባ እያለችው፣ በር ላይ ቆሞ ራሱን አያጋልጥም። ደም የወረዳት እሷ፣ የተናገረችው እሷ፣ በሙሽራ ልብስ ወይራ ሥር የቆመችው እሷ። ይርጋነሽ በዕድሜዋ ብዙ ጆንያ ከፍታለች፤ ይህን የመሰለ ከላይ እስከ ሥር አንድ የሆነ ነገር ገጥሟት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረችና ተወችው።

«ተነሽ፣ ልጄ» አለቻት። «ክንዴን ያዥ።»

የተቀበለቻቸው ዶክተር ሰሎሜ በዕድሜ ከምናለ ብዙም የማትበልጥ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ይርጋነሽን ውጭ እንድትቆይ ጠየቀቻት። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ውበቴ ራሷ ብቅ አለች። «ይግቡ እማማ። የምደብቀው የለኝም።»

የሽንት ምርመራው መጀመሪያ ደረሰ። ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ «እርግዝና የለም» አለች።

«ወጥቶ ከሆነስ?» አለች ይርጋነሽ። ለራሷ ሳይሆን ለአለቃ ነበር የጠየቀችው።

«ደሙ ከመጣ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። የሁለት ወር እርግዝና በዚህ ሳምንት ወጥቶ ቢሆን ምልክቱ ገና ከሽንቷ አይጠፋም ነበር። ደግሞ ነገሩ የኅዳር አይደለም፤ እሷ እንደነገረችኝ ወሩ መዛባት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አንዳንዴ በአሥራ አምስት ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፣ ሲመጣ ደግሞ ይበዛል።»

«እሰይ» አለች ይርጋነሽ፤ ነጠላዋንም ሰበሰበች። «እንግዲያ ጨርሰናል። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«አልጨረስንም እናቴ። ይህ ያልሆነችውን ነገረን እንጂ የሆነችውን አልነገረንም።»

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ዶክተሯ አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሄድም ነበር። ምን ትበያለሽ፣ ጾም ስትጾሚ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለሽ፣ ከስተሻል ወይስ ወፍረሻል? ውበቴ ምግብ እየቀነሰች ልብሷ እየጠበባት መምጣቱን ነገረቻት። መርፌ ወይም ክኒን ወስደሻል፣ ሐዘን ደርሶብሻል፣ ራስሽን ያምሻል፣ ፊትሽ ላይ ፀጉር ወጥቷል? ይህ ሁሉ የለም። ፀጉርሽ ይረግፋል? ሚዶው ሙሉ ይወጣል። ድምፅሽ ድሮም እንዲህ ጎርነን ያለ ነው? እዚህ ላይ ውበቴ ቀና አለች። «አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር መሪ ነበርኩ። ድምፄ እንቢ ሲለኝ ተውኩት።» ይርጋነሽ ዶክተሯን ስታያት ደስ አላት፤ ይቺም እጇን እስከ ክርን የምትሰድ ናት።

«ድካምም የወር አበባ መዛባትም በብዙ በር ይገባል» አለች ሰሎሜ። «በደም ማነስ፣ በምግብ ማነስ፣ በጭንቀት፣ በዕጢ መታወክ። አንዳንዱ ብቻውን፣ አንዳንዱ ተደራርቦ። ነጠላሽን ከአንገትሽ አውርጂልኝ።»

ውበቴ አመነታች። ከዚያ አወረደችው። አንገቷ ዙሪያውን እንደ ማተብ በተደራረበ ንቅሳት ተከብቧል። በልጅነቷ አንገቷ ላይ ትንሽ እብጠት ታይቶ፣ እንቅርት እንዳይሆን ብላ እናቷ አስነቅሳታለች። ከፍ ስትል የትምህርት ቤት ልጆች «የባላገር ሐብል» እያሉ ሲቀልዱባት መሸፈን ለመደች። ከዚያ ወዲህ ያንን አንገት ያየ ሰው የለም፤ ንቅሳቱ እብጠቱን፣ ነጠላው ንቅሳቱን ሸፍኖት ኖረ።

ዶክተሯ በብርጭቆ ውሃ ሰጠቻትና ከጎን ሆና አየች። «ዋጪ።» ውበቴ ስትውጥ ከአረንጓዴው መስመር ሥር አንድ ነገር ወደ ላይ ወጣና ወረደ። «አንዴ ድገሚልኝ።» ደግሞ ወጣና ወረደ። ይርጋነሽም አየችው።

«ጨው ከየት ነው የምትገዙት?»

«ከሱቅ» አለች ውበቴ። «ያንን አዲሱን፣ አዮዲን ያለውን የታሸገውን።»

«ጥሩ። ከዚያስ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እናቴ ታጥበዋለች።»

«ጨውን?»

«አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ጉድፍ አለበት ትላለች።»

«ፈንታነሽ ብትችል ውሃንም ታጥባለች» አለች ይርጋነሽ። ውበቴ ፈገግ አለች።

«እንግዲህ አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር ፈሷል፣ የቀረውን ፀሐይ ወስዶታል። ነገሩ ሁሉ በጨው የመጣ ነው ብዬ ግን አሁን አልደመድምም። ደሙን ባሕር ዳር ልከን ውጤቱን እንይ።»

ይርጋነሽም ጨው ታጥባለች። ቢቸና ውስጥ ንጹሕ ሴት የምትባል ሁሉ ጨው ታጥባለች።

እዚያው የተሠራው ሌላው ምርመራ ደሟም ዝቅ ማለቱን አሳየ፤ ለሁለት ዓመት ሲፈስ የኖረ ደም ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሻል ይኼ ነው» አለች ይርጋነሽ። ውበቴ ሳቀች፤ ከታጨች ጀምሮ ይርጋነሽ ሳቋን ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሳቋ ሲያበቃ ይርጋነሽ ወደ ዶክተሯ ጎንበስ አለች። ጾሙ እየደረሰ ነው፤ አለቃ ቁርጥ ነገር ይጠብቃሉ። «ልጄ፣ ደሙን ለአንድ እሑድ ብቻ የሚያዘገይ ክኒን አለ ይባላል። እውነት ነው?»

«አለ። ለጤነኛ ሴት አንዳንዴ ይታዘዛል። እኔ በሽታዋን ሳልለይ መስጠት አልወድም። ግን አካሉ የእሷ ነው፣ እሷ ትናገር።»

ሁለቱም ወደ ውበቴ ዞሩ። ልጅቱ ነጠላዋን መልሳ አልተሸፋፈነችም።

«ለእሑድ ብዬ ብይዘው ለሰኞ ምን ላደርግ ነው?» አለች። «ምናለ የሚያገባው የምትተኛዋን፣ የሚበርዳትን፣ ዳገት የማትወጣዋን ነው። ያንን ሳያውቅ እንዲያገባኝ አልፈልግም። መጀመሪያ ልታከም። ከዚያ ቢፈልገኝ ይምጣ፣ ቢተወኝም አልቀየመውም።»

ይርጋነሽ ራሷ በዚህች ልጅ ዕድሜ ሳለች፣ ቄስ ፋንታ ቤት ልትገባ ስትል፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ድፍረቱ ይኖራት ነበር? አይኖራትም ነበር። በዚያ ቀን በር ላይ ቆማ ቢሆን እናቷን ሰምታ ትገባ ነበር።

ውጤቱ በስልክ መጣ። የአንገቷ ዕጢ ሥራውን ትቷል፤ ሰውነቷ በርዶና ደክሞ የኖረው የውስጡ እሳት እየጠፋ ስለሄደ ነው። ዕለት ዕለት በባዶ ሆድ የሚዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን፣ ለደሙ ደግሞ የብረት ክኒን ታዘዘላት። ዶክተሯ አንድ ነገር አስጠነቀቀች፤ ድካሙ ቀድሞ ይቀንሳል፣ ወሩ ግን እስኪስተካከል ወራት ሊወስድ ይችላል፣ በየትኛው ወር እንደሚስተካከል ግን ማንም አያውቅም።

ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሽማግሌዎቹ ይርጋነሽ ቤት ተቀመጡ። አለቃ ገብረ ሕይወት ከራስጌ፣ የልጅቱ አባት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከግርጌ፣ ፈንታነሽ በሩ አጠገብ አንገቷን ደፍታ። ምናለ ቆሟል። ይርጋነሽ፣ ውበቴን አስቀድማ አስፈቅዳ፣ ከሞጣ ያመጣችውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

አለቃ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተሳሳተ ነገር አጥብቀው የያዙ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ።

«የእርግዝናውን ነገር ተቀብያለሁ» አሉ። «ከአፌ ስለወጣው እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አንተም ይቅር በለኝ። ግን ሥርዓቱ ቀን ይፈልጋል። ካህን ይዘጋጃል፣ ቤተ ዘመድ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል። ከፋሲካ በኋላ መቼ ይሁን? ቀን ቁረጡልኝ።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ ሚስታቸው አዩ። ፈንታነሽ «ግንቦት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ውበቴ ከጓዳ ተጠራች።

«ልጄ፣ ለግንቦት ቀን መስጠት ትችያለሽ?» አሉ አለቃ።

«አልችልም አባቴ። ብሰጥዎ ሐሰት ይሆንብኛል።»

«ምናለ፣ አንተስ?»

«እጠብቃለሁ» አለ ምናለ።

«እስከ መቼ?»

«እስክትድን።»

አለቃ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ነገሩ እዚህ ላይ ሊበጠስ መሆኑ ታይቶታል። ያኔ ይርጋነሽ ተነሳች።

«አለቃ፣ ቀኑን እሷ ትቁረጥ።»

«ማን?»

«ሙሽራዋ። ከአባቷም ከእኔም ይልቅ ሰውነቷን የምታውቀው እሷ ናት፤ እንደማትዋሽ ደግሞ አገር ሁሉ በር ላይ አይቷል። ከፋሲካ በኋላ፣ ንጹሕ በሆነችበት በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት ትምጣና ‹ነገ› ትበለኝ። በማግስቱ ተክሊላቸውን ደፍተው ይቁረቡ። ካህኑ እርስዎ ነዎት፣ በዚያው ደብር ይቀድሳሉ፤ ምን የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል? ዘመድ የሚጠራው ለሆድ ነው፤ ጠላው ከቁርባኑ በኋላ ይጠመቅ።»

«በቢቸና ሙሽራ ቀን ቆርጣ አታውቅም፣ ይርጋነሽ።»

«አውቃለሁ።»

አለቃ ልጅቱን አዩዋት። አንገቷ ላይ ነጠላ አልነበረም። ንቅሳቱ ከነመስመሩ ይታያል፣ ቀናም ብላ ቆማለች። «ይሁን» አሉ። «ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሳይሆን በጠዋት። እኔም ሰው ነኝ፣ መዘጋጀት አለብኝ።»

ሚያዝያ አለፈ። ውበቴ አሁን እሑድ እሑድ አንዳንዴ ከወይራው ሥር፣ አንዳንዴ ውስጥ ትቆማለች፤ የሚያያት ሰው ይኖራል እንጂ የሚቆጥርባት ቀርቷል። ፈንታነሽ ጨው ማጠብ ትታ፣ የሚያጥቡትን እየዞረች ትቆጣ ጀመር፤ በንጽሕናዋ ስትኮራ የኖረች ሴት አሁን በዚህ ትኮራለች። ይርጋነሽ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሱቋን ቀድማ ትከፍታለች። ማንም ሳይመጣ ይረፍዳል፣ ትመዝናለች፣ ትሸጣለች፣ ወደ መንገዱ ታያለች።

በግንቦት ውስጥ በዋለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአምበር የመጣ ገበሬ ጤፉን አውርዶ እየተከራከራት ሳለ፣ ከታች ከገበያው በኩል የምትመጣ ሴት አየች። ዳገቱን ሳታርፍ፣ ጋቢ ሳትደርብ፣ እጆቿን እያወዛወዘች ትመጣለች። ሙሽራ ወደ አማቷ ቤት በእግሯ፣ ያለ ሚዜ፣ ሰው ሁሉ እያየ ስትሄድ አይተው የማያውቁ ሰዎች ከየሱቁ ብቅ ብቅ አሉ።

ውበቴ ጆንያዎቹን ተራምዳ ገባችና ይርጋነሽን ጉንጯን ሳመቻት።

«እማማ፣ ነገ» አለች። «ከአሁን ወዲያ እህል አልቀምስም። የጠዋቷን ክኒንም ከቅዳሴ በኋላ እወስዳለሁ፤ ዶክተሯን በስልክ ጠይቄያታለሁ፣ ምንም አይልሽም ብላለች።»

ይርጋነሽ ክንዷ ከገበሬው ጆንያ ውስጥ እንዳለ ነበር። አወጣችና የዘገነችውን ሳታይ መልሳ ጨመረችው።

«ጤፍህን ገዝቼዋለሁ» አለችው ለሰውየው። «ገንዘብህን ተቀበልና ሂድ፤ ሱቁን ልዘጋው ነው። ሠርግ አለብኝ።»